«አልታየኝም» ማለትን መማር፦ አልትራሳውንድ በአዋላጅ ተማሪ እጅ

የመጀመሪያ ቀን ፕሮብ፣ ማለትም ሆድ ላይ የሚጫነውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ፣ የያዙ ተማሪዎች ጀርባቸውን ለእናትየዋ ይሰጣሉ። እጃቸው ሆዷ ላይ ነው፣ ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ይቀራል። እሷም ጣሪያውን እያየች ፊታቸውን ለማንበብ ትሞክራለች፤ ቅንድባቸው ከተኮሳተረ ልጄ ምን ሆነ ብላ ትደነግጣለች። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ የአልትራሳውንድ ትምህርቴን የምጀምረው ማሽኑ ጠፍቶ ነው። ተማሪዋ ወንበሯን ወደ እናትየዋ አዙራ ትቀመጣለች፣ ስሟን ትጠይቃለች፣ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር፣ ደም አይታት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ወልዳ እንደሆነ ትጠይቃለች። ከዚያ እጇን ታጥባና አሙቃ ሆዷን ትዳስሳለች፦ የማህፀኑ አናት የት ደረሰ? የልጁ ጀርባ በየት በኩል ነው? ከታች ያለው ጭንቅላት ነው ወይስ መቀመጫ? ያገኘችውን ካርድ ላይ ትጽፋለች። ማሽኑ የሚበራው ከዚህ በኋላ ነው።

እንዲህ የማደርገው አሮጌውን ዘዴ ስለምወድ አይደለም። አልትራሳውንድ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ስለሆነ ነው። ጥያቄ ሳይኖራት ፕሮብ የጫነች ተማሪ የምታየው ጥቁርና ነጭ ደመና ነው። «ሆዷን ስዳስስ ከላይ ክብና ጠንካራ ነገር አግኝቻለሁ፣ ጭንቅላቱ ከላይ ይሆን?» ብላ የመጣችው ግን ወዴት መሄድ እንዳለባት ታውቃለች፤ ካየች በኋላም እጇ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ትማራለች። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት፣ ወይም ማሽኑ ለጥገና በሄደበት ወር፣ የሚቀራት ያ እጅ ነው።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ድምፅ ነው። ጨረር አይደለም፣ ራጅም አይደለም። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የሚጮህ እረኛ ድምፁ ከማዶ ተመልሶ ሲመጣለት ገደል ማሚቶ እንለዋለን፤ ገደሉ ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ዘግይቶ ይመለሳል። ፕሮቡ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል፤ ለእርግዝና የምንጠቀምበት ፕሮብ የሚያወጣው በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ኸርዝ ስለሆነ ማንም አይሰማውም። ድምፁ በሰውነት ሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ማሽኑ «የላክሁት ድምፅ በስንት ጊዜ ተመለሰ?» ብሎ ያሰላና ርቀቱን ያውቃል። ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተመልሶ ለመምጣት የሴኮንድ አሥር ሺኛ ያህል ብቻ ይበቃዋል፤ ለዚህ ነው ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ የምናየው።

ይህን የተረዳች ተማሪ ቀሪውን መሸምደድ አያስፈልጋትም። አጥንት ድምፁን አጥብቆ ይመልሳል፣ ስለዚህ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከኋላው ደግሞ ድምፅ ስለማያልፍ ጥቁር ጥላ ይጥላል። የሽርት ውሃና በሽንት የተሞላ ፊኛ ምንም አይመልሱም፣ ስለዚህ ጥቁር ናቸው። እንግዴ ልጅ፣ ጡንቻና ጉበት በመካከል ግራጫ ይሆናሉ። አየር ደግሞ ድምፁን ሁሉ እዚያው ገፍቶ ይመልሰዋል። ጄል የምንቀባው በፕሮቡና በቆዳው መካከል አየር እንዳይገባ ነው። እናቶች ጄሉን «መድኃኒቱ» ይሉታል፤ መድኃኒት አለመሆኑን፣ ልጁ ጋ እንደማይደርስ መንገር የተማሪዋ ሥራ ነው።

የማሽኑ መነሻ እዚህ ላይ ቢነገር ተማሪን ያነቃል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኢየን ዶናልድ የሚባል የግላስጎው የማህፀን ሐኪም በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ለመፈለግ የሚያገለግል የፋብሪካ መሣሪያ አየና ከሰው አካል የወጡ እባጮችን ይዞ ፋብሪካው ድረስ ሄደ። ከኢንጂነሩ ቶም ብራውንና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር ሆኖ ውጤቱን በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው መጽሔት አሳተመ። ካዩአቸው ሴቶች አንዷ የማይድን የሆድ ካንሰር አለባት ተብላ ነበር፤ ድምፁ ግን ውስጡ ፈሳሽ መሆኑን አሳየ፣ በቀዶ ሕክምና ወጣላትና ተረፈች። ጥያቄው «ድፍን ነው ወይስ ፈሳሽ?» የሚል ነበር፤ አንድ ቀላል ጥያቄ።

ስለ ጉዳቱ እናቶች ይጠይቃሉ፣ ተማሪዎችም እንዲሁ። በትክክል ለሕክምና ጥያቄ ሲውል ጽንስን እንደሚጎዳ የታየ ማስረጃ የለም። ነገር ግን ድምፅ ጉልበት ነው፣ ጉልበት ደግሞ ሲበዛ ያሞቃል። ስለዚህ ደንቡ የሚበቃውን ያህል ብቻ፣ ለሚበቃው ጊዜ ብቻ መጠቀም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የልብ ምት ለመቁጠር ኤም ሞድ የሚባለውን፣ የልቡን እንቅስቃሴ በመስመር የሚያሳየውን መንገድ እንጂ የደም ፍሰት የሚለካውን ዶፕለርን አንጠቀምም፤ ዶፕለሩ ጉልበቱን አንድ ቦታ ላይ ያጠራቅማልና። በአንዲት እናት ሆድ ላይ አሥር ተማሪ ተራ በተራ ለግማሽ ሰዓት የሚለማመድበትን አሠራር አልቀበልም። ለዚያ ስኪል ላብ የሚባል የመለማመጃ ክፍል አለ፤ በጄላቲን ውስጥ የተቀበረ የወይን ፍሬ ፈልጎ መለካት እጅን በደንብ ያሠለጥናል፣ ማንንም ጀርባዋ ላይ አያስተኛም።

ፕሮቡ ጎን ላይ ጉብ ያለ ምልክት አለው። ፕሮቡ ቁመቱን ሲያዝ ምልክቱ ወደ እናትየዋ ራስ፣ አግድም ሲያዝ ወደ ቀኝ ጎኗ ይዞራል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ግን ምልክቱን ገልብጣ የያዘች ተማሪ ጭንቅላቱ ከታች ያለውን ልጅ ጭንቅላቱ ከላይ ነው ትላለች፤ ካርዱ ላይም «በመቀመጫ» ብላ ትጽፋለች፤ በዚያች ቃል አንዲት እናት ከወረዳዋ ተነሥታ ያለ ምክንያት ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች። ስለዚህ ፕሮቡ በወጣ ቁጥር ጣታችንን አንዱ ጫፍ ላይ መታ መታ አድርገን የስክሪኑ የትኛው ጎን እንደሚንቀሳቀስ እናያለን። ከአምስት ሴኮንድ አያልፍም።

ስድስቱ ጥያቄዎች

ለጀማሪ በብዙ አገር የሚሰጠው አሠራር በስድስት ጥያቄዎች የተወሰነ ነው፦ ከታች ያለው የልጁ ክፍል የትኛው ነው፣ ልቡ ይመታል ወይ፣ ስንት ናቸው፣ እንግዴ ልጁ የት ነው፣ የሽርት ውሃው ይበቃል ወይ፣ ስንት ሳምንቱ ነው። የልብ ክፍሎችን መመርመር፣ የአካል ጉድለት መፈለግ፣ የደም ፍሰት መለካት በዚህ ውስጥ የሉም። እነዚያ ረጅም ሥልጠና የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው፤ ተማሪዋም እናትየዋም ይህን ማወቅ አለባቸው። «አልትራሳውንድ ተነስቼ ልጁ ምንም የለበትም ተብያለሁ» የሚለውን ንግግር ስሰማ እደነግጣለሁ፣ ምክንያቱም ማንም ያንን አላየም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቶሎ ልለፍ። ከታች ያለውን ለማየት ፕሮቡን ከብልት አጥንቱ በላይ አግድም አድርጎ መጫን ይበቃል፤ ክብ ነጭ ቀለበት ከታየ ጭንቅላት ነው። ይህ በአብዛኛው ውሳኔ የሚያስከትለው ከ36 ሳምንት በኋላ ነው፣ ምክንያቱም በ28 ሳምንት በመቀመጫው ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገለበጣል። የልብ ምት ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው፤ በዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ግን 170 ቢደርስ አያስደነግጥም። ለመንታ ደግሞ ማህፀኑን ከታች እስከ ላይ፣ ከግራ እስከ ቀኝ ሳይዘሉ መጥረግ ነው። አንድ ጭንቅላት አግኝታ ደስ ያላት ተማሪ ሁለተኛውን ትስታለች። መንታ ከተገኘ የጋራ እንግዴ ልጅ አላቸው ወይስ የየራሳቸው የሚለው ብዙ ነገር ይወስናል፤ ይህ በደንብ የሚለየው ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ቶሎ ወደሚያውቅ ሰው መላክ ያስፈልጋል።

እንግዴ ልጁ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። በማህፀን በር ላይ የተዘረጋ እንግዴ ልጅ ለእናት ሕይወት አደገኛ ነው፤ ምጥ ሲመጣ፣ አንዳንዴም ያለ ምጥ፣ ብዙ ደም ያፈሳል። ደም የሚያያት እናት ስትመጣ እንግዴ ልጁ የት እንዳለ ሳይታወቅ ጣት አስገብቶ መመርመር የተከለከለው ለዚህ ነው። የጤና ጣቢያ አዋላጅ አልትራሳውንድ ኖሯት «እንግዴ ልጁ ከላይ ነው» ወይም «በሩ ላይ ነው» ማለት መቻሏ የአንዲትን እናት ሌሊት ይለውጠዋል።

ሆኖም ተማሪ የምትሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፊኛ ነው። እናትየዋ ሽንቷን ለረጅም ጊዜ ይዛ ከመጣች የሞላው ፊኛ የማህፀኑን ፊትና ኋላ ያጣብቀውና ሩቅ ያለ እንግዴ ልጅ በሩ ላይ ያለ ያስመስለዋል። «ሸንታ ትምጣና እንደገና ልይ» ማለት ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው። በ20 ሳምንት ገደማ ዝቅ ብሎ የሚታይ እንግዴ ልጅ ብዙ ጊዜ የማህፀኑ የታችኛው ክፍል እየተለጠጠ ሲሄድ ከበሩ ይርቃል። ስለዚህ በ20 ሳምንት «እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል፣ በ32 ሳምንት ይታይ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ እናትየዋ «በምጥ አትወልጂም» አትባልም። የእንግዴ ልጁ ጠርዝ ከማህፀን በሩ 20 ሚሊ ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ በመጨረሻዎቹ ወራት ከቀረ ሆስፒታል መውለድ አለባት። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ወልዳ አሁን እንግዴ ልጁ ከፊት ዝቅ ብሎ ከታየ ግን ጠባሳው ውስጥ ሥር ሰዶ ሊሆን ስለሚችል ደም ባንክና ቀዶ ሐኪም ያለበት ቦታ አስቀድሞ መላክ ነው፤ እዚህ ላይ «ትንሽ እንጠብቅ» አይሠራም።

የሽርት ውሃውን ለመለካት ከልጁ አካልና ከእትብቱ ነጻ የሆነ ጥልቁ ጥቁር ኪስ ይፈለጋል፤ ቀጥታ ወደ ታች ሲለካ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰ አነሰ፣ ከ8 ከበለጠ በዛ ይባላል። በዚህ ላይ የምጨምረው ነገር ቢኖር ፕሮቡ ወለሉን እንዲያይ ቀጥ ብሎ መያዝ እንዳለበት ነው፤ ያዘመመ ፕሮብ ውሃውን ያበዛዋል።

«ከፍልሰታ በኋላ ነው መሰለኝ»

ስድስተኛው ጥያቄ፣ ስንት ሳምንቱ ነው የሚለው፣ ለእኛ አገር ከሁሉም የበለጠ ሥራ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ።

እናቶቻችን የመጨረሻ የወር አበባቸውን በቁጥር አይደለም የሚያስታውሱት። «ፍልሰታ ሲገባ»፣ «ከመስቀል ማግስት»፣ «ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው»፣ «ጤፉ ሲታጨድ» ይላሉ። ይህ ድክመት አይደለም፣ በደንብ የተያዘ ማስታወሻ ነው፤ ተማሪዋ ወደ ቀን የመለወጥ ችሎታ ይኖራት እንጂ። የመውለጃ ቀን የሚገመተው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን 280 ቀን በመቁጠር ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ለዚህ የተመቸ ነው፦ ዘጠኝ ወር 270 ቀን ነው፣ አሥር ቀን ሲጨመር 280 ይሞላል። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የወር አበባዋን ያየች ሰኔ 27 ቀን ትጠበቃለች። ጳጉሜ በመካከል ካለፈ ግን ዘጠኝ ወር ላይ አምስት ቀን ብቻ ይጨመራል፤ ጳጉሜ ስድስት በሆነበት ዓመት ደግሞ አራት። ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ያየች ጳጉሜን ስለምታልፍ የምትጠበቀው ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

ማሽኑ ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚህ ላይ የሚሠራውን ስህተት ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። ተማሪዋ የመስከረሙን ወር «1» ብላ ታስገባለች፤ ማሽኑ ጃንዋሪ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ እርግዝናውም በሦስት ወር ተኩል ይዛባል። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማሽኑ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 ነው። ከማሽኑ ጎን የሁለቱ አቆጣጠር ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ፤ ትንሽ ወረቀት ናት፣ ግን ብዙ ጥፋት ትከለክላለች።

እናትየዋ ቀኑን ካላስታወሰች፣ ወይም ካስታወሰችው ጋር ሆዷ ካልተስማማ፣ መለኪያው ይረዳል። የሚረዳው ግን በጊዜው ከመጣች ነው። ጽንሱ ትንሽ ሳለ ከጭንቅላቱ ጫፍ እስከ መቀመጫው የሚለካው ርዝመት ዕድሜውን በአምስትና በሰባት ቀን ውስጥ ይናገራል፣ ምክንያቱም በዚያ ዕድሜ ጽንሶች ሁሉ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ያድጋሉ። ርዝመቱ ከ84 ሚሊ ሜትር ካለፈ በኋላ ይህ መለኪያ ይቀራል፤ የጭንቅላቱ ስፋትና ዙሪያ፣ የሆዱ ዙሪያ እና የጭኑ አጥንት ርዝመት ይተኩታል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን አንዱ ልጅ በትልቅ አባቱ፣ ሌላው በምግብ እጥረት፣ ሌላው በእናቱ ስኳር ምክንያት የተለያየ መጠን ይይዛል። ያኔ የሚሰጠው ግምት ሦስት ሳምንት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ሊስት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ የመከረው በዋናነት ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ሴቶች 28 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሥራው ማሽን ፊት ከመድረሷ በፊት፣ መንደር ውስጥ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይጀምራል።

ተማሪ ሁሉ የሚስተው አንድ ሕግ አለ፦ በመጀመሪያ በደንብ የተወሰነ ቀን አይቀየርም። አንዲት እናት በ10 ሳምንት ተለክታ ቀኗ ተወስኗል እንበል። በ34 ሳምንት ስትታይ መለኪያው 30 ሳምንት ቢል ማሽኑ «አዲስ ቀን» ያወጣል፤ ተማሪዋም ካርዱ ላይ የድሮውን ሰርዛ አዲሱን ትጽፋለች። ያ ስረዛ የተራበ ልጅን ጤነኛ ያስመስላል። ልጁ አራት ሳምንት ያነሰ አይደለም፤ ያላደገ ነው። ምክንያቱ ይፈለግለታል፣ ግፊቷ ይታያል፣ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

የሳምንቱ ቁጥር ለምን ይህን ያህል ክብደት እንዳለው በአንድ ታሪክ ማስረዳት ይቻላል። ያለ ጊዜው ሊወለድ የሚችል ጽንስን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ አለ፣ ለእናትየዋ የሚሰጥ። በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ በስድስት አገር የተካሄደ ትልቅ ጥናት ይህን መርፌ በዝቅተኛ ደረጃ ጤና ተቋማት ማስፋፋት የተጠበቀውን ጥቅም እንዳላመጣ፣ ይልቁንም በአጠቃላይ የአራስ ሞት እንደጨመረ አሳየ። በብዙዎች ዘንድ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ባለመታወቁ መርፌው ለማያስፈልጋቸው ብዙዎች መሰጠቱ ነው። በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሌላ ጥናት ግን በባንግላዴሽ፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች፣ ዕድሜው በአልትራሳውንድ ተረጋግጦ፣ ከ26 እስከ 34 ሳምንት ባሉት ላይ ብቻ ሲሰጥ የአራሶችን ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ነው። በሁለተኛው ጥናት ቀኑ ይታወቅ ነበር፤ በመጀመሪያው በደንብ አይታወቅም ነበር።

ለመለካት ስለሚያስፈልገው ሥዕል ጥቂት ብቻ ልበል፣ በእጅ እንጂ በወሬ አይለመድምና። ጭንቅላቱ ሲለካ የመካከል መስመሩ ሁለቱን ጎን እኩል መክፈል አለበት፤ ሆዱ ሲለካ ጨጓራው እንደ ጥቁር ነጥብ መታየት አለበት፣ ሆዱም ክብ እንጂ እንቁላል መምሰል የለበትም፤ የጭኑ አጥንት ሲለካ ሁለቱም ጫፎቹ ይታዩ። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ለክቶ የተቀራረበ ቁጥር ያላገኘ ተማሪ ያንን ቁጥር አይጽፍም።

«ባዶ ነው» የምትባለው ቃል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ተማሪዎቼ ከሚናገሯቸው ቃላት ሁሉ በጣም የምፈራው «ማህፀኑ ባዶ ነው» የሚለውን ነው።

አንዲት ሴት የወር አበባዋ ቀርቶ፣ የሽንት ምርመራው እርጉዝ ነሽ ብሏት፣ ሆዷን በአንድ በኩል እያመማት ትመጣለች። ተማሪዋ ታያለች፤ ምንም የለም። «ባዶ ነው፣ ምናልባት ወርዶ ይሆናል፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» ትላለች። ነገር ግን ባዶ ማህፀን ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ እርግዝናው ገና ለጋ ነው፣ ወይም ወርዷል፣ ወይም ከማህፀን ውጪ በቱቦው ውስጥ ተቀምጦ ሊፈነዳ ነው። ሦስተኛው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ተማሪዋ ማወቅ ያለባት ይህን ብቻ ነው፦ ምርመራው እርጉዝ ናት ካለ፣ እኔም በማህፀኗ ውስጥ ካላየሁ፣ ከማህፀን ውጪ አለመሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ ከማህፀን ውጪ እንደሆነ ይታሰባል፤ ሆስፒታል ትላካለች።

በአማርኛችን «የለም» እና «አልታየኝም» ሩቅ ለሩቅ ናቸው። «የለም» ስለ ልጁ የተነገረ ፍርድ ነው። «አልታየኝም» ስለ እኔ፣ ስለ ማሽኔ፣ ስለዚህች ሰዓት የተነገረ እውነት ነው። ወጣት ሳለሁ በልምምድ ላይ አንድ ተማሪ ለአንዲት እናት «የልጁ ልብ የለም» ሲል ሰምቻለሁ። እሷ ገና ስድስት ሳምንት ያልሞላት ነበረች። ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሳ ስትታይ ልቡ ይመታ ነበር፤ እነዚያን አሥር ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ግን ፊቷ ላይ ነበር። ሐኪሞች የጽንስ መቋረጥን ለመወሰን የሚጠብቁት መስፈርት ጥብቅ የሆነው በምክንያት ነው፦ ጽንሱ 7 ሚሊ ሜትር ሞልቶ ልቡ ካልመታ፣ ወይም ከረጢቱ 25 ሚሊ ሜትር ሞልቶ ጽንስ ካልታየበት፤ እሱም በብልት በኩል በሚገባ ፕሮብ ታይቶ። ከሆድ በላይ የምታይ ጀማሪ ይህን ውሳኔ አትሰጥም። የምትለው «እኔ በዚህ ማሽን ዛሬ አልታየኝም፤ ሌላ ባለሙያ እንዲያይሽ እልክሻለሁ» ነው። ይህን ማለት ሙያ ነው፣ ተማሪዎቼ እንደሚያስቡት እፍረት አይደለም።

በእርግጥ እናቶች ሌላ ነገር ነው የሚጠይቁት፦ «እህቴ፣ ወንድ ነው ሴት?» ፆታውን መንገር በስድስቱ ውስጥ የለም፤ በግማሽ እይታ የተነገረ ፆታ ቤት ውስጥ የሚያመጣውን ነገርም አዋላጅ ሁሉ ታውቃለች። እኔ የማስተምራቸው መልስ ቀላል ነው፦ «እናቴ፣ ዛሬ ያየሁት ልቡ መምታቱን፣ ራሱ ከታች መሆኑን፣ እንግዴ ልጁ መራቁን ነው፤ ይህን ልንገርሽ» ብሎ ስክሪኑን ወደ እሷ ማዞር። የልቡን ብልጭታ ስታይ ብዙዋ ሌላውን ጥያቄ ትረሳዋለች።

ካየች በኋላ

ማሽን ብቻውን እናት አያድንም። ይህን ስል ስሜቴን እየተናገርሁ አይደለም። ኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ ኬንያ፣ ዛምቢያ፣ ፓኪስታንና ጓቲማላ ውስጥ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶችና አዋላጆች ሁለት ሳምንት ሠልጥነው፣ ከዚያ ለ12 ሳምንት በክትትል ተለማምደው ለነፍሰ ጡሮች አልትራሳውንድ እንዲሰጡ ተደረገ። በ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት አልትራሳውንዱ ወደ ክትትል የሚመጡትን ሴቶች አለማብዛቱን፣ ሆስፒታል የሚወልዱትንም አለመጨመሩን፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ሞትም አለመቀነሱን አሳየ። ሠልጣኞቹ ማየት ተምረዋል። የጎደለው ከማየት በኋላ ያለው ነው ብዬ ነው የማነበው፦ መንገዱ፣ አምቡላንሱ፣ ደሙ፣ ሌሊት የነቃ ቀዶ ሐኪም፣ የቤተሰቡ ፈቃድና ገንዘብ።

በዚህ ምክንያት ከእኔ ጋር የሚማሩ ሁሉ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «ከዚያስ?» የሚል ዓምድ ይሞላሉ። መንታ አየሁ፤ ከዚያስ? ወዴት ትላካለች፣ በስንት ሳምንት፣ ማን ይዟት ይሄዳል፣ ማቆያ ቤቱ ክፍት ነው ወይ? ተማሪዋ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሪፈር የሚያደርግበትን ሆስፒታል ስልክ ካላወቀች ስለ እንግዴ ልጅ ያላት እውቀት ገና ግማሽ ነው። ባለፉት ዓመታት በዛምቢያ ሉሳካና በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የተካሄደ ሥራ፣ ያልሠለጠነ ሰው ፕሮቡን ሆድ ላይ ብቻ እየጠረገ ኮምፒውተሩ ራሱ ሳምንቱን እንደሚገምት አሳይቷል። መልካም ነው፤ እኛ አገርም ይምጣ። ግን «ከዚያስ?» የሚለውን ዓምድ ኮምፒውተሩ አይሞላውም።

ጽሑፉም ከማየቱ አይተናነስም። ካርዱ ላይ ሦስት ዓይነት ቃል ብቻ እንዲኖር እፈልጋለሁ፦ ያየሁት፣ ያላየሁት፣ ያደረግሁት። «ራስ ከታች፣ የልብ ምት 142፣ አንድ ጽንስ፣ እንግዴ ልጅ ከኋላ ላይኛው ክፍል፣ ጥልቁ የውሃ ኪስ 4.5 ሴንቲ ሜትር፣ በመለኪያ 22 ሳምንት ከ3 ቀን። ከመጨረሻው የወር አበባ ስሌት ጋር ይስማማል። አካሉ አልተመረመረም። ለሚቀጥለው ክትትል ተቀጥራለች።» ከዚህ ውስጥ «አካሉ አልተመረመረም» የምትለውን ቃል መጻፍ የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው፤ ሥራቸውን የሚያሳንስ ይመስላቸዋል። የሚቀጥለው ባለሙያ ግን ያቺን መስመር ሲያነብ ምን እንደቀረ ያውቃል።

ከልምምዱ መጨረሻ ለእያንዳንዳቸው አምስት እናቶችን አቀርባለሁ፣ ሁሉም ፈቅደው። አራቱ ቀላል ናቸው። አምስተኛዋ ገና ለጋ እርግዝና ያላት ናት፤ ከሆድ በላይ በዚያ ማሽን ምንም አይታይም፤ ይህን እኔም እሷም አስቀድመን እናውቃለን። ተማሪዋ ፕሮቡን ታነሣለች፣ ትጠርጋለች፣ ታዘምማለች፣ ፊኛው እንደሞላ ታጣራለች፣ እንደገና ትጠርጋለች። ከዚያ ወይ አንድ ነገር ፈልስፋ ትነግረኛለች፣ ወይ ወንበሯን ወደ እናትየዋ አዙራ «አልታየኝም፣ እህቴ» ትላትና ወዴት እንደምትልካት ትነግራታለች። ያለፉት ሁለተኛውን ያደረጉት ናቸው።